ማሳሰቢያ፦ ለስቴም ሴል መርፌ ከመክፈላችሁ በፊት

አባቱ በፓርኪንሰን ሲንቀጠቀጥ፣ እናቱ በአልዛይመር ስሙን ስትረሳው ያየ ልጅ ቤቱን ሸጦም ቢሆን ውጭ አገር ሊያሳክም ይነሣል። ይህን ፍቅር ገበያ ያደረጉ፣ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) በመርፌ የሚሸጡ ክሊኒኮች በብዙ አገር አሉ።

ምርምሩን ከንግዱ ለዩ። ተስፋው እውነተኛ ነው። በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከስቴም ሴል ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት አሳድገው በ7 የፓርኪንሰን ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ተክለዋል፤ የ2 ዓመት ክትትሉን እ.ኤ.አ. በ2025 ሲያሳትሙ ዕጢም ሆነ ከባድ ጉዳት እንዳላዩ ገልጸዋል። ከተገመገሙት 6 ታማሚዎች መድኃኒት ሳይወስዱ ሲለኩ እንቅስቃሴያቸው የተሻሻለው 4ቱ ናቸው። ሙከራው በዋናነት ደኅንነትን ለመፈተሽ የተደረገ ነበር፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም።

ይህን ምርምር ከስብ ወይም ከመቅኔ ተወስዶ በደም ሥር ከሚሰጥ መርፌ ጋር አታምታቱት። እንዲህ ያለው መርፌ የሞተውን የአንጎል ሕዋስ እንደሚተካ አልተረጋገጠም። በፓርኪንሰን በዋናነት የሚጎዳው አንድ የታወቀ የሕዋስ ዓይነት፣ ዶፓሚን አመንጪው፣ ነው፤ የአልዛይመር ጉዳት ግን በአንጎል ውስጥ ሰፊ ቦታ ያዳርሳል። ሁለቱንም፣ ኤኤልኤስ የተባለውን የነርቭ በሽታም ጭምር፣ በአንድ መርፌ አድናለሁ የሚላችሁን አትመኑ።

«የራስ ሕዋስ ነው፣ ባይጠቅም አይጎዳም» ሲሏችሁም አትቀበሉ። የሌላ ሰው ሕዋስም አደጋ ሊያስከትል ይችላል። አታክሲያ ቴላንጂኤክቴዢያ የተባለ የነርቭ በሽታ ያለበት አንድ እስራኤላዊ ልጅ ሞስኮ ውስጥ ከፅንስ የተወሰደ የነርቭ ስቴም ሴል ተሰጠው። ከመጀመሪያው ሕክምና 4 ዓመት በኋላ አንጎሉና ሕብለ ሰረሰሩ ላይ ዕጢ ተገኘ። ምርመራው ዕጢው ከለጋሾች ሕዋስ የበቀለ መሆኑን አሳየ፤ ጉዳዩም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ።

ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። በትክክለኛ የሕክምና ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው የሚሞከረውን ሕክምና በገንዘቡ አይገዛም። የሙከራው ስም የሕክምና ሙከራዎች መዝገብ በሆነው የአሜሪካ ድረ ገጽ በክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ መመዝገቡ ብቻ የመንግሥት ፈቃድ አይደለም። ሕዋሱ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ተቆጣጣሪ እንደፈቀደው፣ ችግር ቢከተል ማን እንደሚያክም በጽሑፍ ተቀበሉ። በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በኢንተርኔት ገንዘብ የምታሰባስቡም ይህን ወረቀት አስቀድማችሁ እዩ።

ለመርፌው ብላችሁ የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነውን ሌቮዶፓን በድንገት አታስቁሙ፤ በድንገት ማቆሙ ለሕይወት የሚያሰጋ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር ሊያመጣ ይችላል።

መርፌውን ወስዶ የተመለሰ ካለ አትውቀሱት፣ እሱም ከነርቭ ሐኪሙ አይደብቅ። ዕጢ ከዓመታት በኋላም ሊታይ ስለሚችል የተሰጠውን ሕዋስ ዓይነትና ቀኑን የያዘውን ሰነድ ለሐኪሙ ያሳይ።