ሄፓሪንና የቆላው ወባ

ከመካከላችን አንዳንዱ ተመርቆ ሲመደብ ዕጣው መተማ ወይም ቋራ ይሆናል። ክረምቱ አልፎ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ ብዙ ሠራተኛ ወደዚያ ይወርዳል። ወባውም የሚበረታው በዚያው ሰሞን ነው። በደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን ስላልለመደ ቶሎ ይጸናበታል። እንግዲህ ዛሬ ከወባ ጋር ስሙ ስለሚነሳ አንድ መድኃኒት እንማማር።

1. ሄፓሪን ምንድን ነው?
ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ በውሻ ጉበት ላይ ሲመራመር ፍንጩን አገኘ። ስሙም «ሄፓር» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ጉበት ማለት ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ነው።

2. ከወባ ጋር ምን አገናኘው?
ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ ከደም ሥር ግድግዳም፣ ከጤነኞቹ ሕዋሳትም ጋር ይጣበቃል። ቀጫጭኖቹ የአንጎል ደም ሥሮች ሲደፈኑ በሽተኛው ራሱን ይስታል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንዳንድ ሐኪሞች «ደሙ ረግቶ ነው» ብለው ሄፓሪን ሞከሩ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሕሙማንን ለመድማት ስለሚያጋልጥ ሕክምናው ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለከባድ ወባ ሄፓሪንን አይመክርም።

3. ታዲያ ነገሩ በዚህ አበቃ?
አላበቃም። በቤተ ሙከራ ሲታይ ሄፓሪን የተጣበቁትን ሕዋሳት ያላቅቃል፤ ተሕዋሱም አዲስ ሕዋስ ውስጥ እንዳይገባ ያግደዋል። ይህ ሥራው ደም እንዳይረጋ ከማድረጉ የተለየ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ያንን ኃይሉን በብዙ ቀንሰው ሴቩፓሪን የተባለውን ሠሩ። ታይላንድ ውስጥ ቀላል ወባ በያዛቸው ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር። የወባ መድኃኒት ሆኖ ግን አልወጣም።

4. ለመምህር ምን ይጠቅመዋል?
አንደኛ፦ በብልቃጥ ውስጥ የሠራ ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ይህን ለተማሪ በምሳሌ ማስረዳት ሳይንስን ማስተማር ነው።
ሁለተኛ፦ ወባ ጊዜ አይሰጥም። ትኩሳት የያዘው ተማሪ ቢቃዥ፣ ቢያንፈራግጠው ወይም ራሱን ቢስት «እስኪ ትንሽ እንየው» አይባልም። ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት የተባለ መርፌ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰ ነፍስ ያተርፋል። አጎበርም ከመኝታችን አይለይ!