ባለ ቀይ ጅራቷን ሙስታንግ ለምትሠራው ልጄ

ልጄ፣ የባልሳ እንጨት ኪት ገዛሁ፣ በሪሞት የምትበር ፒ-51 ሙስታንግ ናት፣ የተስኪጊ አብራሪዎችን ቀይ ጅራት ልቀባት ነው ብለሽ ስትደውይልኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። በስልክ የተነገረ ይረሳልና በጽሑፍ ይድረስሽ። የአውሮፕላኗ ዕጣ የሚወሰነው ገና ጠረጴዛሽ ላይ ሳለች ነው፤ ክንፏ ካልተጣመመና ጅራቷ ካልከበደ ትበራለች። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከሞላ ጎደል ወደነዚህ ሁለት ነገሮች ይመለሳል።

1. የማንን አውሮፕላን እንደምትሠሪ እወቂ። ቀዩ ጅራት የ332ኛው ተዋጊ ቡድን ምልክት ነው። አላባማ ውስጥ ተስኪጊ የሠለጠኑት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በ1944 አጋማሽ ሙስታንግ ተረክበው፣ ጣልያን አገር ካለው የራሚቴሊ ሜዳ እየተነሡ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን አጅበዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም አለንበት። የተስኪጊ ኮሌጅ ተመራቂ የነበረው አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን በ1935 አዲስ አበባ መጥቶ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ተሹሞ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች አዟል፤ በጣልያን ወረራ ጊዜም መልእክትና መድኃኒት እያመላለሰ በርሯል። አገሩ ሲመለስ ጥቁር ሰው አብራሪ መሆን ይችላል ለሚለው ክርክር ሕያው ማስረጃ ሆነ። በ1944 ተመልሶ መጥቶ የእኛን ልጆች አሠለጠነ፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈች። ጅራቷን ስትቀቢ እሱንም አስቢው። ከዘመኑ ፎቶ አንዲት አውሮፕላን ምረጪና ቁጥሯንም ፊደሏንም እንዳለ ቅጂ፤ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ምልክት ለእነዚያ ሰዎች ክብር አይመጥንም።

2. ሙስታንግ መለማመጃ አይደለችም። ክንፏ ከታች ነው፣ ፈጣን ናት፣ ስትዘገዪባት አትታገስም። ግንባታው ወራት ይወስዳል፤ በዚያው ጊዜ ክንፏ ከላይ በሆነ የፎም አውሮፕላን ከአሠልጣኝ ጋር መብረር ተማሪ፤ ቀጥለሽ ክንፏ ከታች በሆነች ሌላ መለማመጃ እጅሽን አፍታቺ። አውሮፕላን ፊቷን ወደ አንቺ አዙራ ስትመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። እጅሽ ይህን ሳያስብ ማስተካከል እስኪለምድ ድረስ ሙስታንጓ መደርደሪያ ላይ ብትቆይ ይሻላል።

3. እንጨቱን መዝኚ። ባልሳ በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፣ ገና በልጅነቱ ይቆረጣል፤ ስለዚህም አንዱ ጣውላ ከሌላው በጣም ይለያያል። አንድ ሜትር ኩብ ባልሳ 100 ኪሎም ሊመዝን ይችላል፣ 250ም። ኪቱን ስትከፍቺ ሙጫ ከመንካትሽ በፊት የወጥ ቤት ሚዛን አምጪና የእያንዳንዱን ስስ ጣውላ ክብደት በእርሳስ ጻፊበት። ቀላሉ ለጅራት ይሁን፤ ጠንካራው ለክንፉ አግዳሚ፤ ክብደታቸው የተቀራረበው ደግሞ ለግራና ለቀኝ ክንፍ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይመደብ።

ክሩንም እይ። ጣውላውን ወደ መስኮት ብርሃን ስታዘነብዪው ፊቱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ካየሽ ያ ግትር ነው፤ ልጠፍህ ስትዪው ይሰነጠቃል። ለክንፉ ጎድኖች ግን ከእሱ የተሻለ የለም። ረዣዥም ቀጥ ያለ ክር ብቻ የሚታይበት ጣውላ ይታዘዝሻል፤ ላዩን ውሃ ስታስነኪው የአካሏን ክብ ተከትሎ ይጠመዘዛል፤ እሱን ለሽፋን አስቀምጪው። ኪት አምራቾች ይህን ሁልጊዜ አይለዩልሽም። ከሳጥኑ የወጣው የጅራት እንጨት ከባድ ከሆነ ሳታቅማሚ ለይተሽ ሌላ ግዢ።

4. ጠረጴዛሽ ልክ ይሁን። ያገለገለ፣ ያልተጣመመ ጠፍጣፋ በር ካገኘሽ እሱ ይበቃል፤ ውሃ ልክ አስቀምጪበትና አረጋግጪ። የኪቱን ፕላን ዘርግተሽ በስስ ላስቲክ ሸፍኚው፣ አለበለዚያ ክንፉ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል። ሙጫን በተመለከተ ወጣቶቹ ሁሉን ነገር በሱፐር ግሉ ይጨርሳሉ፤ ፈጣን ነው፣ አልቃወምም፤ ግን ሲደርቅ ከባልሳው ይልቅ ስለሚጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጊው እንጨቱ ይጎደጉድና የሙጫው መስመር ጉብ ብሎ ይቀራል። በውጭ በኩል ለሚታየው መጋጠሚያ የእንጨት ኮላ ይሻላል። ሞተሩ የሚታሰርበት ኮምፔንሳቶና የሁለቱ ክንፎች መገናኛ ግን ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ይፈልጋሉ። በሱፐር ግሉ ስትሠሪ መስኮት ክፈቺ፣ መነጽር አድርጊ።

5. ክንፉ ላይ አትቸኩዪ። ጎድኖቹ ፕላኑ ላይ ተሰልፈው ሲቆሙ ከግርጌያቸው ትንንሽ እግሮች ታያለሽ። ትርፍ መስለውሽ አስቀድመሽ እንዳትቆርጫቸው። ወደ ክንፉ ጫፍ ስትሄጂ የኋላው ጠርዝ በትንሹ ከፍ እንዲል፣ ጫፉም ከሥሩ ይልቅ ሁለት ዲግሪ ያህል አንገቱን እንዲደፋ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ይህ መደፋት የሙስታንጓ ነፍስ ነው። ፍጥነት ሲያንስ ክንፍ አየሩን ይለቃል፤ መጀመሪያ የሚለቀው ጫፉ ከሆነ አውሮፕላኗ በአንድ ጎኗ ተገልብጣ መሬት ትገባለች፤ የክንፉ ሥር ቀድሞ ከለቀቀ ግን አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ፍጥነት ታነሣለች፣ አንቺም ጊዜ ታገኛለሽ።

በላይኛውና በታችኛው አግዳሚ መካከል የሚለጠፉት አጫጭር ጣውላዎች ክራቸው ቁልቁል ይቁም። ወደ ጎን ከተኛ ክንፉ ጉልበት ያጣል፤ ወደ ላይ አጥብቀሽ ስትስቢያት መሃሉ ላይ ይሰበራል። የላይኛውን ሽፋን ስትለጥፊ ክንፉ ገና በስፒል ከጠረጴዛው ጋር ተይዞ መሆን አለበት፤ ሽፋኑ ከደረቀ በኋላ የተጣመመ ክንፍ አይቃናም። ሌሊቱን እዚያው ይደር። ግራውን ጨርሰሽ ቀኙን ስትጀምሪም ፕላኑን ደግመሽ እይ፤ ሁለት ግራ ክንፍ ሠርቶ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ሦስት አራት ሜትር ራቂና ከኋላ በኩል ተመልከቺ። የሁለቱ ጠርዞች ከፍታ ካልተመሳሰለ ዓይንሽ ይነግርሻል።

6. የክብደቷን መሃል አስተካክዪ። እውነተኛዋ ሙስታንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.28 ሜትር ናት፤ ያንቺዋ አንድ ሰባተኛዋ ስለሆነች 1.6 ሜትር ያህል ትሆናለች፣ ሁሉም ሲገጠም ወደ 4 ኪሎ ትጠጋለች። ክንፏን ፕላኑ ባሳየሽ ነጥብ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአማካይ ስፋቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ባለው ቦታ፣ በሁለት ጣት ስታነሺያት አግድም መቆም ወይም አፍንጫዋን በጥቂቱ መድፋት አለባት። ጅራቷ ከወረደ አታብርሪያት። መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ፊት አስጠጊ፤ እርሳስ የሚጨመረው ሌላ መላ ሲጠፋ ነው። ጅራት ላይ ያስቀመጥሽው እያንዳንዱ ግራም አፍንጫ ላይ ሁለት ሦስት ግራም ያስከፍልሻል፤ በቁጥር 3 ስለ ጅራት እንጨት ያን ያህል የጨቀጨቅኩሽ ለዚህ ነው።

7. ከእንጨቱ በላይ የሚለብሰው ሽፋን በካውያ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው። ከታች ወደ ላይ አልብሻት፣ ከመጠን በላይ አታግዪው፤ ስስ ጅራት በሙቀት ይጣመማል። ቀለም አታብዢ፣ ቀለም ክብደት ነው።

8. ሰርቮዎቹን (መሪዎቿን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች) እና ሪሞቱን ስታስተካክዪ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ድንገት የተነሣ ሞተር ጣት ይቆርጣል። የሊቲየም ባትሪ ስትሞዪ ከክፍሉ አትውጪ፤ አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት አይለፍ፤ ያበጠውን መልሰሽ አትሙዪው።

9. የት እንደምታበሪ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል በአሜሪካ የአቪየሽን መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተናም መውሰድ አለብሽ። አንቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖሪው። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በ15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ ሰፈርሽም እዚያ ውስጥ ነው። የሠፈር ኳስ ሜዳ ላይ ልሞክራት እንዳትዪ። የሞዴል አብራሪዎች ክበብ ፈልጊ፣ አባል ሁኚ፤ ሕጋዊ ሜዳም የሚያግዝሽ ሰውም እዚያ ታገኛለሽ።

10. የመጀመሪያው ቀን ነፋስ የሌለበት ጠዋት ይሁን፣ ሪሞቱንም ከአንቺ የበለጠ የበረረ ሰው ይያዘው። ከመነሣትሽ በፊት የክንፏን ኤለሮኖች (ከኋላ ጠርዙ ላይ የሚንቀሳቀሱትን መሪዎች) እይ፤ ወደ ቀኝ ስታዢ የቀኙ ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ሪሞቱ እጅሽ ሲገባም ጉልበት ቀስ እያልሽ ስጫት፣ ኤሌቬተሩን (የጅራቷን አግድም መሪ) በትንሹ ወደ ኋላ ያዢ፣ ወደ ግራ መሳቧን በራደር (በጅራቷ ቋሚ መሪ) እየመለስሽ አስኪጃት። ከፍ ካለች በኋላ ከሁሉ በፊት ሁለት ስህተት የሚያስችል ከፍታ ላይ ሆናችሁ ፍጥነቷን እየቀነሳችሁ መቼ አየሩን እንደምትለቅ እወቁ፤ ማረፊያ ላይ ከዚያ ፍጥነት በላይ መቆየት አለባት። ብዙ ሙስታንግ የሚሰበረው ለማረፍ ስትዞር፣ ዝግ ብላና ክንፏን አጋድላ ሳለች ነው። ስትዞሪ ሞተሩን አታጥፊ፣ ጎማዋ ሣሩን እስኪነካ ጥቂት ጉልበት ይኑራት። ከወረደች በኋላ ደግሞ ሳትደሰቺ አትቅሪ፤ ግን ሁለተኛ ከማስነሣትሽ በፊት የክንፉን ብሎንና የሞተሩን ማሰሪያ በእጅሽ እየነካሽ ፈትሺ፣ የመጀመሪያው በረራ የሚያላላው እነሱን ነው።