«ባሕርዩ ነው» ብለው ከማለፍዎ በፊት፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅዎን ሆዱን አሞት ይሆን?

አንድ የማውቀው የስድስት ዓመት ልጅ አለ፤ አይናገርም። ማታ ማታ የሶፋውን መደገፊያ በሆዱ ተጭኖ ይቆያል። ሊያነሱት ሲሞክሩ ይጮሃል፣ እጁን ይነክሳል። ለወራት «ኦቲዝሙ ነው» ሲባል ቆየ። ሆዱን በእጁ ዳብሶ ያየ ሐኪም ሲገኝ ግን የከረመ የሆድ ድርቀት ነበር። ከታከመ በኋላ ሶፋውን ተወው።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይበልጥ በሆድ ሕመም ይቸገራሉ፤ ብዙዎቹ ደግሞ «አመመኝ» ማለት አይችሉም። ስለዚህ አንድ ነገር ከመወሰንዎና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

• ምን አዲስ ነገር መጣ? ራስን መምታት፣ ሌሊት እያለቀሱ መንቃት፣ ሆድን በጠረጴዛ ጠርዝ መጫን፣ ምራቅ ደጋግሞ መዋጥ፣ ጥርስ ማፋጨት፣ ልብስ ማኘክ የሕመም ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዓቱን ያስተውሉ፦ ከምግብ በኋላ ነው? ሲተኛ ነው? ሽንት ቤት ከመሄዱ በፊት ነው?

• በእርግጥ ተቅማጥ ነው? ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙታንታውን የሚያበላሸው ቀጭን ሰገራ፣ ውስጥ የተከማቸውን ደረቅ ሰገራ አልፎ የሚሾልክ ሊሆን ይችላል። የተቅማጥ ማቆሚያ ከሰጡት ይብስበታል። በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ይቁጠሩ፤ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ሲወጣ በጣም ትልቅና ደረቅ ከሆነ ድርቀትን ይጠርጥሩ።

• ጥርሱ ታይቷል? ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ጥርስን ይበላል። የጥርስ ሕመም ራሱም ፊትን ያስመታል።

• ምን መድኃኒት ይወስዳል? ሪስፐሪዶንም ሆነ የአይረን ሽሮፕ ሆድ ሊያደርቁ ይችላሉ። ይህን ሳይጠይቁ ማንም ላይነግርዎ ይችላል። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

• ስንዴ ሊያስቆሙት ነው? መጀመሪያ የሴሊያክ (ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) የደም ምርመራ ያሠሩ። ልጁ ስንዴ መብላት ካቆመ በኋላ የሚሠራ ምርመራ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ስንዴና ወተት መከልከል ኦቲዝምን እንደሚያሻሽል የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ወጪው ደግሞ በውድ ዳቦ አያበቃም፦ አራት ዓይነት ምግብ ብቻ የሚበላ ልጅ ሁለቱን ሲነጠቅ ምን ይበላል? ወተቱ ሲቀር ካልሲየሙ ከየት ይመጣል? ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የሚገዙት እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበት ይሆናል፤ በተለይ ውጭ አገር ከሆኑ ጋጋሪዋን ይጠይቁ።

• የሚሸጥልዎ ምርመራ ምን ይለውጣል? የፀጉር ምርመራና «የማይስማማውን ምግብ በደም እንለያለን» የሚሉ ጥቅሎች ረጅም የክልከላ ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ፀረ እንግዳ አካል የሚለካው ያ የደም ምርመራ በአብዛኛው የሚያሳየው ልጁ የበላውን እንጂ የሚጎዳውን አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው እዚያው የሚሸጥ ቫይታሚን ነው።

• «ሆዱ ሲጸዳ ኦቲዝሙ ይጠፋል» አሉዎት? ተነሥተው ይውጡ። የሆድ ሕመም ሲታከም ልጁ ይቀለዋል፣ እንቅልፍ ያገኛል፤ ኦቲዝሙ ግን አይጠፋም። «ተአምረኛው ማዕድን» እየተባለ የሚሸጠው ጠብታ ማንጪያ ኬሚካል ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2019 አስጠንቅቆበታል። ሆድ ለማጽዳት ተብሎም ኮሶ ለልጅ አይሰጥም። ክትባትን ከሆድና ከኦቲዝም ጋር ያያዘው የ1998 ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2010 በላንሴት መጽሔት ተሰርዟል፤ ክትባቱን አያስቀሩበት።

• ሐኪም ፊት ምን ይዘው ይቀርባሉ? የሁለት ሳምንት ማስታወሻ (ምን በላ፣ መቼ ወጣ፣ መቼ ጮኸ) እና በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይያዙ። ሰገራው ሳይመረመር በየጊዜው «አሜባ ነው» ተብሎ መድኃኒት ከታዘዘለት ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። «ከኦቲዝሙ ነው» ካሉዎት ደግሞ በትሕትና፦ «ዶክተር፣ ኦቲዝም ባይኖርበት ኖሮ ምን ያዙለት ነበር?» ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ መግለጫ የዘርፉ ባለሙያዎች የተስማሙት ይህንኑ ነው፦ እነዚህ ልጆች እንደማንኛውም ልጅ ሙሉ ምርመራ ይገባቸዋል።

• ቀጠሮ የማይጠበቅለት፦ ደም ያለበት ሰገራ፣ አረንጓዴ ትውከት፣ የተነፋና የጠጠረ ሆድ። ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት ልጅ ካለዎት ማግኔትና ክብ የሰዓት ባትሪ ከቤት ያስወግዱ። ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ ባትሪ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ውጦ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።