ሙቀጫና ሰልፍ፤ ሰላም ከሚነሡ ጐረቤቶችና ደንብ ከሚያፈርሱ እንግዶች ጋር ስለ መኖር

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ሙቀጫ ነው። የምኖረው ከአክስቴ ጋር በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበላያችን ያሉት እመቤት ቅመም እያዘጋጁ ለደንበኞች በመሸጥ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ኮረሪማውን፥ ድንብላሉንና ጥቁር አዝሙዱን ወፍጮ ቤት መስጠት አይሆንላቸውም፤ ወፍጮ የሌላ ሰው እህል ሽታ ያመጣብኛል ባይ ናቸው። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ይወቅጣሉ። ዘነዘናው ሙቀጫውን በመታ ቍጥር የሚናወጠው የእኔ ጣሪያ ነው። ጊዜውም የፈተና ሰሞን ነበር።

እኔ ያደረግሁትን ከመናገሬ በፊት፥ ይኸው የሙቀጫ ጠብ ከእኛ በፊት ፍርድ ቤት ደርሶ እንደ ነበረ ላመልክት። ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ነው። አንድ ጣፋጭ ምግብ ሠሪ በዊግሞር ጐዳና ካለው ቤቱ ጀርባ፥ በወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሙቀጫዎች ነበሩት፤ በነዚህም ከ20 ዓመት በላይ ማንም ሳይቃወመው ሲወቅጥባቸው ኖረ። በአጠገቡ የሚኖረው ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. በ1873 በአትክልቱ ሥፍራ ዳርቻ፥ ልክ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር አያይዞ የበሽተኛ መመርመሪያ ክፍል ሠራ። ከዚያ በኋላ የሙቀጫው ድምፅ ሥራ አላሠራው አለ፤ የበሽተኛውን ደረት ለማዳመጥ ጆሮውን ሲያስጠጋ የሚሰማው የጐረቤቱን ዘነዘና ሆነ። ከሰሰ። ስተርጅስ በብሪጅማን ላይ ያቀረበው ክስ ተብሎ የሚጠራው ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1879 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተወስኖ ሐኪሙ ረታ።

ጣፋጭ ሠሪው «እኔ እኮ ቀድሜ ነበርሁ፤ ይህን ያህል ዘመንም ስወቅጥ ኖሬአለሁ» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ዳኞቹ ግን የመመርመሪያው ክፍል እስኪሠራ ድረስ ድምፁ ማንንም አላወከም፤ ማንም ሊከስህ በማይችልበት ዘመን ያሳለፍኸው ዕድሜ መብት አይሆንህም አሉት። ደግሞም አንድ ሥራ ሁከት መሆን አለመሆኑ እንደ ሰፈሩ ይለያል አሉ፤ በመኳንንቱ ሰፈር ሁከት የሆነው ነገር በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ሁከት ላይባል ይችላል። ይህን ስናነብ ጐረምሳው ሁሉ ለሐኪሙ ያደላል። እኔም ያን ጊዜ ሐኪሙን ነበርሁ።

የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ ሐሳብ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፥ ረቂቁን ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት ይህ ሕግ በቍጥር 1225 ላይ የቤት ባለቤት በጐረቤቱ ላይ ጕዳትና ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ጢሱንም፥ ጥላሸቱንም፥ ክፉ ሽታውንም፥ ድምፁንም፥ ንዝረቱንም ከመልካም ጕርብትና ልክ አታሳልፍ ይላል። ልኩ የሚታወቀውም የአገሩ ልማድና የሥፍራው አኳኋን እየታየ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቍጥር 370 ደግሞ ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጡ መንገድ ከፈተ። ልብ በሉ፤ ሕጉ በዚህ ሰዓት ወቅጡ፥ በዚህ ሰዓት አትወቅጡ አላለም። ልማዱን እዩ አለ። በአገራችን ልማድ ደግሞ የሙቀጫ ድምፅ ገና ሳይነጋ መሰማቱ የባለሙያ ሴት ምልክት ነበር። እንግዲህ ልማዱ የማን ነው? በግቢ ቤት ያደገው ሰው ልማድ ነው ወይስ በፎቅ ላይ የተደራረበው?

እኔ ግን ይህን ሁሉ አልጠየቅሁም። ተማሪ ነኝና አንቀጽ ጠቅሼ ለነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ማመልከቻ ጻፍሁ። ኮሚቴውም እመቤቲቱን ጠርቶ በሰው ፊት ገሠጻቸው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሙቀጫው ጸጥ አለ። እንደ ተማርሁት ከሆነ አሸንፌአለሁ። ነገር ግን እኒያ ሴት ሙቀጫቸውን ተሸክመው በየቀኑ ሦስት ፎቅ ወርደው በጋራ መገልገያው ቤት ደጃፍ ይወቅጡ ጀመር፤ በደረጃ ላይ ስንገናኝም ሰላምታዬን በራስ ንቅናቄ ብቻ መለሱልኝ፤ በየእሑዱ ከአክስቴ ጋር ይጠጡት የነበረውን ቡናም ተዉት። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ «እግዚአብሔር አፍ የሰጠህ ለምን ይመስልሃል? ደረጃው አሥራ ስምንት እርከን ነው፤ ወጥተህ አትነግራትም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቈይቶ በቤተ መጻሕፍት ሳነብ ሁለት ጸሐፊዎች አክስቴን ደግፈው አገኘኋቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1991 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮናልድ ኮዝ ነው። ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ስመ ጥር ጽሑፉ ይህንኑ የሐኪሙንና የጣፋጭ ሠሪውን ነገር አንሥቶ፥ ጕዳት የሁለት ወገን ነው አለ። ጣፋጭ ሠሪው ሲወቅጥ ሐኪሙ ይጐዳል፤ ሐኪሙ ሲያስቆመው ደግሞ ጣፋጭ ሠሪው ይጐዳል። ስለዚህ ጥያቄው «አጥፊው ማን ነው?» ብቻ ሳይሆን «የማን ጕዳት ይብሳል፥ በምንስ ይካካሳል?» የሚል መሆን አለበት። መነጋገር ወጪ የማይጠይቅ ቢሆን ኖሮ፥ ዳኛው ለማንም ቢፈርድ ሁለቱ ተዋውለው ለሁለቱም የሚበጀውን ያገኙ ነበር ይላል። መቼም መነጋገር ያለ ወጪ እንደማይሆን ኮዝ ራሱ ያውቃል። በእኛ አገር ይህ ወጪ ስም አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ለኮሚቴ ማመልከቻ መጻፍ ቀሎኝ አሥራ ስምንት እርከን መውጣት የከበደኝ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ሁለተኛው ሮበርት ኤሊክሰን የተባለ የሕግ መምህር ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ ሻስታ በሚባል አውራጃ የከብት አርቢዎችን ኑሮ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1991 ያለ ሕግ ስለሚጸና ሥርዓት መጽሐፍ አወጣ። የአንዱ ከብት አጥር ጥሶ የሌላውን ማሳ ቢበላ ማን ይከፍላል የሚለውን ሕግ አብዛኞቹ ጐረቤቶች በትክክል አያውቁትም፤ ቢያውቁትም አይጠቀሙበትም። መጀመሪያ ስልክ ደውለው «ከብትህ እኔ ዘንድ ነው» ይላሉ፤ ያም አጥፊ ይቅርታ ጠይቆ ከብቱን ይወስዳል፤ የዛሬው ባለዕዳ ነገ ባለ ገንዘብ ስለሚሆን ሁሉም ሒሳቡን በልቡ ይይዛል። ይህን የማይጠብቅ ሰው ሲገኝ ስሙ በሰፈሩ ይነሣል፤ ሐሜት ካላረመው ዛቻ፥ ዛቻ ካላረመው ከብቱን መጕዳት ይከተላል። ፍርድ ቤት የሚኬደው ከስንት አንዴ ነው፤ የሄደውም ሰው እንደ ነገረኛ ይታያል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት የሚለውን ተረት ያወጡት አባቶቻችን ይህን ለማወቅ ካሊፎርኒያ አላስፈለጋቸውም። እኔ ግን የመሰላሉን የመጨረሻ እርከን የመጀመሪያ አድርጌው ነበር።

ይሁን እንጂ ኤሊክሰን ያያቸው ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ጐን ለጐን የሚኖሩ መሆናቸውን መርሳት የለብንም። የኮንዶሚኒየም ጐረቤት በዕጣ የተገናኘ ነው፤ ብዙውም ተከራይ በመሆኑ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። በልብ የተያዘ ሒሳብ የሚከፈለው ነገም እዚያው ለሚገኝ ሰው ነው። ታዲያ ነገ ጨርሶ በሌለበት ሥፍራ፥ ሰዎች ለአንድ ቀን ብቻ በሚገናኙበት ቦታ ምን ይሆናል?

ለዚህ በጣም ጥሩው ምሳሌ የመዝናኛ ፓርክ ነው። ዲስኒላንድ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያ ሲከፈት፥ ጥሪ የተላከው ከገባው ሕዝብ ለማይተካከል ቍጥር ነበር፤ ብዙ ሰው በሐሰት በታተመ ቲኬት ገባ፤ አንዱ ብልህ ነኝ ባይ ደግሞ በአጥሩ ላይ መሰላል አቁሞ እያስከፈለ ሰው ያስገባ እንደ ነበረ ይነገራል። የሚበላው አለቀ፤ የውሃ መጠጫው አልበቃ አለ። ከዚያ ወዲህ የፓርኩ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ተምረዋል፤ ሰልፉን በሐዲድ አጣጥፈው የሚጠበቀውን ጊዜ በሰሌዳ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰው ራሱን ፎቶግራፍ የሚያነሣበትን ዘንግ ከለከሉ፤ በ2019 በአሜሪካ ካሉት ፓርኮቻቸው ቅጥር ውስጥ ሲጋራ ማጨስን አስቀሩ። በ2021 ደግሞ ገንዘብ የከፈለ ሰው በሌላ መስመር እንዲቀድም አደረጉ። ይህ የመጨረሻው ለእኔ አይዋጥልኝም፤ መቅደም በዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፥ ሳይከፍል የሚቀድመው ሰው ሌባ ነው እንጂ ባለጌ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የአካል ጕዳተኞች ካርድ ታሪክ ነው። በዲስኒ ፓርኮች በሰልፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ የማይችል ሰው ከነቤተሰቡ በልዩ በር የሚገባበት ካርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ባለጸጎች ጕዳተኛ ሰው በገንዘብ እየቀጠሩ እንደ ቤተሰብ አባል አስመስለው ሰልፍ እንደሚያልፉ በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ዓመት ካርዱ ቀረና፥ በምትኩ ተመልሶ የሚመጣበት ሰዓት የሚሰጥበት ሥርዓት ተተካ። እንግዲህ ማን ተጐዳ? ባለጸጋው ሌላ መንገድ አያጣም፤ የተጐዱት መጠበቅ ፈጽሞ የማይሆንላቸው የኦቲዝም ሕፃናት ናቸው፤ ወላጆቻቸውም በተከታዩ ዓመት ክስ አቀረቡ። በ2024 ደግሞ ሥርዓቱ እንደ ገና ጠበበ፤ የዋሸ ሰው ለዘለዓለም ከፓርኩ እንደሚታገድም ተነገረ።

ይህን ሳነብ ፊቴ ቀላ፤ ምክንያቱን ልናዘዝ። በምግብ አዳራሻችን ዐይነ ስውር ተማሪዎች ሰልፍ ሳይጠብቁ ከአንድ መሪ ጋር እንዲገቡ ልማድ ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬን እኔ እመራው ነበር። መጀመሪያ እኔ ብቻ፤ ቀጥሎ እኔና ሌላ ጓደኛዬ፤ በኋላ አምስት «መሪዎች» ሆንን። እሱ ይሥቅ ነበር፤ «ዛሬ ስንት ዐይን አለኝ?» እያለ ይቀልድብን ነበር። አንድ ቀን በር ጠባቂው መረረውና «ከእንግዲህ ሁሉም በሰልፍ!» ብሎ ልማዱን ሰረዘው። እኛ አምስታችን ወደ ሰልፋችን ተመለስን፤ ምንም አልቀረብንም። ጓደኛዬ ግን በዚያ ግፊያ መካከል በትሩን እየተረገጠ መቆም ግድ ሆነበት። ጕዳዩ ተነግሮ እስኪታረም ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ቁርሱን ተወ። እኔን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ደንብ አፍራሹ ሌላ ሰው ሲሆን ምን እናድርግ? በሰልፍ ላይ ከራሴ ስሕተት የተማርሁትን ልናገር። የቀደመውን ሰው ያላወቀ አድርጎ መናገር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ «ወንድሜ፥ የሰልፉ መጨረሻ በዚያ በኩል ነው» ሲባል ሳያፍር የሚመለስበት በር ይከፈትለታል። «አንተ ሌባ!» የተባለ ሰው ግን ክብሩን ለማዳን ሲል ይቆማል። ቃሉ ከአንድ ሰው ብቻ ሲወጣ ጠብ ይመስላል፤ ከኋላው ያለው ሰው «እውነት ነው» ካለ ግን የሰልፉ ቃል ይሆናል። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ገለልተኛ አይደለም፤ ለቀዳሚው እያገዘ ነው። በቀድሞ ዘመን መንገደኛው ሁሉ «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆመው ተናጋሪው ጕልበተኛ ስለ ነበረ አይደለም፤ ከተናጋሪው ጋር ሌላውም መንገደኛ እንደሚቆም ስለሚታወቅ ነው። ነገሩ ግፊያና ስድብ ላይ ከደረሰ ደግሞ መከራከሩን ትቶ ለበር ጠባቂው መንገር ይገባል፤ የተቀጠረው ለዚህ ነው። ወደ ጐረቤት ስንመጣ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ሦስተኛ ሰው የሚጠራው ሁለቱ ተነጋግረው ሲያበቁ ነው፤ የሚጠራውም መጀመሪያ ሽማግሌ ቢሆን ይበጃል።

ፈተናው ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ ስምንቱን እርከን ወጣሁ። ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ ነበር፤ አክስቴ ናት የሰጠችኝ። «እትዬ፥ ሳላነጋግርዎ ወደ ኮሚቴ መሄዴ ጥፋት ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። ቡናውን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ብዙ ዝም አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፥ እዚያ ክፍል ሰው የሚተኛ መቼ መሰለኝ? በፊት የነበሩት ተከራዮች ዕቃ ነበር የሚያስቀምጡበት» አሉኝ።

ተነጋገርን። ከሙቀጫው ሥር በአራት የታጠፈ ጆንያ ይነጠፋል፤ ውቀጣው የሚጀመረው እኔ ወደ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ፥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኵል ላይ ነው። በፋሲካና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሥራ ሲበዛባቸው ቀደም ብለው ሊጀምሩ ይችላሉ፤ እኔም በፈተና ሳምንት በዋዜማው እነግራቸዋለሁ። ለደንበኞቻቸው የሚያደርሱትን ከባድ ጆንያ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አወርድላቸዋለሁ። ይህን ሁሉ ማንም አልጻፈውም።

ሙቀጫው ወደ ቤት ተመልሷል። እትዬም አሁን በደረጃ ላይ «እንዴት ዋልህ?» ይሉኛል። አክስቴ እሑድ እሑድ ሲኒውን ስታቀርብ አንዱን ለእሳቸው ትጨምራለች፤ እስከ ዛሬ ግን አልመጡም።