ከበረዶ አገር የተገኘ የጎተራ ትምህርት

በስዊድን አገር በስተሰሜን፣ ከዋና ከተማው ከስቶክሆልም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከኖርዌይ ወሰን አጠገብ ዬምትላንድ የሚባል ተራራማ አውራጃ አለ። በዚሁ አውራጃ፣ ዬርፐን ከምትባለው መንደር አቅራቢያ፣ ፌቪከን የተባለ የአደንና የእርሻ ርስት ይገኛል። የርስቱ ስፋት ከ8,000 ሄክታር በላይ ሲሆን በአገራችን የቀድሞ ልክ ከ200 ጋሻ የማያንስ ነው። በዚህ ርስት ላይ ባለ አንድ አሮጌ የእንጨት ጎተራ ውስጥ፣ ከ2008 እስከ 2019 ባለው ጊዜ፣ ዝናው በዓለም የተሰማ የእንግዳ ማዕድ ይዘጋጅ ነበር። ዓመቱም ሆነ ወሩ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የእርሻ መሥሪያ ቤት ሰው ስለ ባለጠጎች ራት ምን አገባው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የፌቪከን ማዕድ የተደነቀው በወርቅ ሳሕንና በሐር ምንጣፍ አልነበረም። የዓመቱን እኩሌታ ያህል በረዶ በሚለብስ መሬት ላይ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በማሳው አንዲት ቅጠል ሳትበቅል፣ ብዙውን ከዚያው አካባቢ በተገኘ እህል፣ አትክልትና ሥጋ እንግዳን ማስተናገድ በመቻሉ ነበር እንጂ። ይህም ከወጥ ቤት ሥራ ይልቅ የጎተራ ሥራ ነው፤ ስለ ጎተራ ደግሞ የማያገባው ገበሬ የለም።

ዬምትላንድ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 63 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በሰኔ ወር ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ትጠልቅና ሌሊቱ በቅጡ ሳይጨልም ይነጋል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ታየ ሲሉት ያልፋል። ሰብል የሚያድግበት ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ቢሆን ነው፤ ውርጭም በነሐሴ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ስንዴ የሚታመን ሰብል አይደለም፤ የአገሩ ጥንታዊ እህል ቶሎ የሚደርሰው ገብስ ነው። ከገብሱም ዱቄት በስሱ ተዳምጦ የሚጋገር፣ ደርቆም ለወራት የሚቀመጥ ቂጣ ያዘጋጃሉ። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ ነገር እንደማይሆንበት እገምታለሁ።

ከብቶቻቸውን በሞቃቱ ወራት ከመንደር ርቆ ወደሚገኝ የተራራ ግጦሽ ማውጣት የቆየ ልማዳቸው ነው። ሥራው በተለይ የሴቶች ነበር፤ እነርሱም እዚያው በጎጆ ከርመው ላሞቹንና ፍየሎቹን እያለቡ፣ ወተቱን ቅቤና አይብ አድርገው ወደ መንደር ይመለሱ ነበር። አይቡ ከወጣ በኋላ የቀረውን አጓት አይደፉትም። እሳት ላይ ጥደው ውሃው ተንኖ እስኪያልቅና ቡናማ መልክ እስኪይዝ ድረስ ለብዙ ሰዓት ያፈሉታል፤ ጣፋጭም ስለሚሆን በቂጣ ላይ ተቀብቶ ይበላል። ይህ የተራራ ግጦሽ ልማድ በ2024 በስዊድንና በኖርዌይ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። አጓት ለጥጃና ለውሻ የሚሰጥባቸውን ቤቶቻችንን ሳላስብ ይህን ነገር ማለፍ አልቻልኩም። ስዊድኖች በነገራችን ላይ ለእርሻችን ፍጹም ባዕዳን አይደሉም፤ በ1967 በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት የተጀመረው በእነርሱ እርዳታ ነበር።

የፌቪከንን ማዕድ ያቆመው ማግኑስ ኒልሶን በ1983 በዚሁ አውራጃ ተወለደ። የወጥ ቤት ሙያ ተምሮ፣ በፓሪስ ከተማ ላስትራንስ በተባለ ስመ ጥር ምግብ ቤት ሠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2008 ወደ ፌቪከን የመጣው ግን ለማብሰል ሳይሆን የቤቱን የወይን ጠጅ ክምችት ለማደራጀት ነበር። ወጥ ቤቱን የተረከበው ከዚያ በኋላ ነው። ፓሪስ ላይ ወጥ ቤቱ የሚሻውን ሁሉ ገበያው በየማለዳው ያቀርብለታል፤ በዬምትላንድ ግን ከጥቅምት በኋላ ከማሳ የሚለቀም ነገር የለም። እንግዲህ ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሁሉን ነገር ከደቡብ አገሮች በመኪና ማስመጣት ነው። ሁለተኛው አያቶቹ እንዳደረጉት በመከር ጊዜ ሰብስቦ፣ በብርዱ ወራት ከጎተራ እያወጡ መብላት ነው። ኒልሶን ሁለተኛውን መረጠ።

የመጀመሪያውን መንገድ የሚመርጡ ብዙዎች መሆናቸውን ለማወቅ ስዊድን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ለሥራ ጉዳይ በአንድ የደጋ ከተማ ሳድር፣ ባረፍኩበት ቤት ከባሕር ማዶ የመጣ የቆርቆሮ አተር በሳሕን ቀረበልኝ። ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ማሳ እሸት አተር ነበር። አስተናጋጁን ስለዚሁ ብጠይቀው፣ «ጌታዬ፣ የውጭው ለእንግዳ ክብር ነው» ሲል መለሰልኝ።

አሁን ወደ ምድር ቤቱ እንግባ። በፌቪከን ሥራሥሩ ሁሉ የሚከርመው ከኮረብታ ጎን ተቆፍሮ በተሠራ፣ አፈር በለበሰ የምድር ቤት ውስጥ ነበር። አፈሩ የውጪውን ጽኑ ብርድ ስለሚከለክል ውስጡ ቀዝቃዛ ይሆናል እንጂ አይበርድም፤ ማለት ውሃ በረዶ እስኪሆን አይደርስም። የዚህ ዘዴ ምሥጢር ቀላል ነው። ካሮትም ሆነ ቀይ ሥር ከመሬት ከተነቀለ በኋላ አይሞትም፤ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ያጠራቀመውን ስኳር እየበላ ይከሳል። ብርዱ ትንፋሹን ያዘገይለታል፤ እርጥበቱ ደግሞ እንዳይጠወልግ ይጠብቀዋል። ለካሮት የሚስማማው ከዜሮ እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቅዝቃዜና ከመቶ 95 የሚደርስ የአየር እርጥበት ነው።

ከዚህ ላይ ለማንኛውም አገር የሚሆነው የአሰባሰቡ ሥርዓት ነው። ካሮቱ በደረቅ ቀን ይነቀላል እንጂ በዝናብ አይነቀልም። ቅጠሉ ወዲያው ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ ከሥሩ ውሃ እየሳበ ያጠወልገዋል። አፈሩ በእጅ ይራገፋል እንጂ በውሃ አይታጠብም፤ በማጠብ ጊዜ ቆዳው ይጫጫራልና። ማረሻ ወይም መቆፈሪያ የነካው ለብቻ ተለይቶ በመጀመሪያ ይበላል። ጤነኛው እርስ በርሱ ሳይነካካ በትንሹ በራሰ አሸዋ ውስጥ ይደረደራል፤ ይህም የሆነበት ምክንያት አንዱ ቢበሰብስ ጎረቤቱን እንዳይበክል ነው።

ድንች ግን ሌላ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሆነ፣ አየር በሚያገኝበት ስፍራ ተቀምጦ የቆዳው ቁስል መጠገን አለበት። ከዚያ በኋላ 4 ወይም 5 ዲግሪ ይበቃዋል። ከዚህ በታች ከበረደ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ሲጠበስ ይጠቁራል። ብርሃን ካገኘውም አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ክፍል መርዝነት ስላለው ተቆርጦ መጣል ይገባዋል። የእኛ ደጋ እንኳ ያን ያህል ብርድ በተፈጥሮ አይሰጥምና ስድስት ወር ማክረም አይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ጨለማውን፣ መለየቱንና አለማጠቡን ገንዘብ አይከለክለንም።

ከምድር ቤቱ ሌላ የዱር ፍሬው በስኳር፣ እንጉዳዩ በማድረቅ፣ አትክልቱ በጨውና በኮምጣጤ፣ ሥጋው በጨውና በጢስ ይቀመጥ ነበር። ይህን ሁላችንም ስለምናውቀው አላስረዝመውም። ስለ አሮጊቷ ላም ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልወድም።

የወተት ላም ብዙ ጊዜ ወልዳ ወተቷ ሲቀንስ ባለቤቷ በርካሽ ይሸጣታል፤ ሥጋዋም ጠንካራ ነው ተብሎ ይፈጫል። ኒልሶን ግን የወተት ዘመናቸውን የጨረሱ ላሞችን ሥጋ ለማዕዱ ይፈልግ ነበር፤ በዕድሜ የገፋ ከብት ሥጋው ከጥጃ የበለጠ ጣዕም አለውና። ጥንካሬውን ያለዘበውም በጊዜ ነው። ብልቱ ከነአጥንቱና ከነስቡ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቀዝቃዛ ክፍል ለብዙ ወራት ይሰቀል ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥጋው ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች ሥጋውን ያላሉታል፤ የውጪው ደርቆ የጠቆረው ክፍል ይላጥና ይጣላል። ይህን በሞቃት አገር፣ ቅዝቃዜው ያለማቋረጥ በማይጠበቅበት ቤት፣ ማንም እንዳይሞክረው አጥብቄ አሳስባለሁ፤ በሽታ ያመጣል። ላሟን ከመሸጥ በፊት አሳርፎ ማደለብ ግን ድርቆሽ ላለው ገበሬ ሁሉ ይቻላል።

እንግዶቹ የሚደርሱት ከሰዓት በኋላ ነበር። ቁጥራቸው በመጀመሪያ 12 ብቻ፣ በኋላም 16፣ በመጨረሻ 24 ነበረ። የመኝታ ክፍሎቹ ጥቂትና ጠባብ፣ በቀላል እንጨት የተሠሩ ነበሩ። መንገደኛው ሳውና በተባለው የእንፋሎት ቤት ድካሙን ካወጣ በኋላ፣ ልክ በ1 ሰዓት ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ማዕድ ይቀርባሉ። ጎተራው በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው፤ በጣሪያው አግዳሚ የደረቀ ሥጋ፣ በግድግዳውም አንድ ታላቅ የተኩላ ቆዳ ካባ ተሰቅሎበት ነበር። ከኖርዌይ ባሕር የሚመጣ፣ ስካሎፕ የሚባል በዛጎል የሚኖር እንስሳ ከነዛጎሉ በእሳት ይበስልና በሚጤስ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ ይቀርባል። ይህ ቁጥቋጦ እኛ ጥድ የምንለው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ታላቁ የከብት ቅልጥምም በእንግዶቹ ፊት በመጋዝ ይቆረጥ ነበር። ያ እንግዳ የሚበላው ከየት እንደ መጣ በዓይኑ ያይ ዘንድ ነው።

በ2016 ሚሽላን የተባለው የምግብ ቤቶች መጽሐፍ ለፌቪከን ሁለት ኮከብ ሰጠው። ዋጋው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለአንድ ሰው ራት ብቻ ወደ 3,000 የስዊድን ክሮና ገደማ ደርሶ ነበር። ዋጋው መወደዱን የሚነቅፍ ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ ነቅፌ ነበር። ነገር ግን ከገንዘቡ አንዱ ክፍል የሠራተኛውን ቁጥር ለማብዛትና የሥራ ሰዓቱን ለማሳጠር መዋሉን ስረዳ ነቀፌታዬ ቀነሰ። የከተማ ሰው ለሩቅ ገበሬ ምርት የሚገባውን ዋጋ የሚከፍለው እንዲህ ባለ ስፍራ ካልሆነ ብዙ ጊዜ አይከፍልም።

ይሁን እንጂ በ2019 በግንቦት ወር ኒልሶን ቤቱን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥም ዘጋው። አልከሰረም፤ እንግዳም አላጣም። ደክሞ ነበር፤ ከቤተ ሰቡ ጋር መኖርም ፈለገ። በደቡብ ስዊድንም የፖም አትክልት ይዞ ወደ ተክል ሥራ ገባ። እንዲህ ያለ ምግብ ቤት በአንድ ሰው እጅ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ሰውየው ሲነሣ አብሮት ይነሣል። ለሹማምንት የማመለክተው ይህን ነው፤ ምርቱን ለአንድ ታላቅ ገዢ ብቻ የሚያቀርብ ገበሬ ገዢው በሩን በዘጋ ማግስት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ሊታሰብለት ይገባል።

በዬምትላንድ ይህ አስቀድሞ የታሰበ ይመስላል። የአውራጃው ዋና ከተማ ኦስተርሱንድ በ2010 ዩኔስኮ በምግብ ጥበብ ከመረጣቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። በአጠገቧም ኤልድሪምነር የተባለ፣ ለመላው ስዊድን የሚያገለግል የባህላዊ ምግብ ሥራ ማዕከል አለ። ወደዚያ የሚመጣው ጥቂት ላም ወይም ጥቂት ፍየል ያለው ገበሬ ነው። የወተቱን አያያዝ፣ አይብ አሠራሩን፣ ሥጋ ማድረቁንና ማጨሱን፣ ዳቦ መጋገሩንና ፍራፍሬ ማቆየቱን ተምሮ፣ ምርቱን በጥሬው ከመሸጥ ይልቅ በገዛ ቤቱ ሠርቶ ለገበያ ያወጣል።