ባዶ ቤት እንዴት መጠለያ ይሆናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባታችን አብርሃም በመምሬ እንግዶቹን ሲቀበል ጥላ ሥር በማሳረፍ ብቻ አልተወሰነም፤ ለእግራቸው ውኃ፣ ለራባቸው ምግብ አቀረበ (ዘፍ. 18)። ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው፤ በር መክፈት የመቀበል መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ ከቆቦና ከአካባቢው የሸሹ ወገኖች በወልድያ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የጃራ መጠለያም ከወለጋ የተፈናቀሉትን ተቀብሏል። ትምህርት ቤት ለችግር ቀን ፈጥኖ ይደርሳል፤ መስከረም ሲጠባ ግን ወይ ተፈናቃዩ ይወጣል፣ ወይ ተማሪው ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሥራ ያቆመ የመንግሥት ቢሮ፣ መጋዘን ወይም የሠራተኞች ካምፕ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባዋል። በደብረ ብርሃን ተፈናቃዮች የተጠለሉበት፣ ሕዝቡ «ቻይና ካምፕ» የሚለው ግቢ ለዚህ ምሳሌ ነው።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ያላችሁ ሰበካ ጉባኤያት ሰው ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር አስቡ።

አንደኛ፣ ልኬት። ዓለም አቀፉ የስፌር መመሪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የመኖሪያ ስፍራና በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው ደግሞ አንድ መጸዳጃ ቤት ይላል። እንግዲህ 6 በ7 ሜትር የሆነ ክፍል 12 ሰው ይይዛል። አሥር እንዲህ ያሉ ክፍሎች ቢገኙ ለ120 ሰው በቀን 1,800 ሊትር ውኃና 6 መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ውል። ንብረቱ የመንግሥት ነውና የቃል ፈቃድ አይበቃም። ከወረዳው አስተዳደር ጋር የሚፈረመው ጽሑፍ የቆይታውን ጊዜ፣ የጥገናውን ወጪ የሚሸፍነውን ወገን፣ ቤቱ ሲፈለግ ማስታወቂያው ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚሰጥና ነዋሪዎቹ ወዴት እንደሚዛወሩ ይግለጽ። ሀገራችን የካምፓላን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች፤ በዚህም መሠረት ተፈናቃዮችን የመጠበቅ ቀዳሚው ኃላፊነት የመንግሥት ነው። እኛ እናግዛለን እንጂ አንተካም።

ሦስተኛ፣ ፍትሕ። ክፍል ሲደለደል ሃይማኖትና ብሔር አይጠየቅ። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ለመጸዳጃው ቅርብ ይሁኑ፤ እናቶችና ልጃገረዶች የሚያድሩበት በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። በኮሚቴው ውስጥም ተፈናቃዮቹ ራሳቸው፣ ሴቶችም ጭምር ይወከሉ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችሁ ተዘግቶ የቆየው የመንግሥት ቤት የትኛው ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ይገኛል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።