ፍራፍሬንና አትክልትን በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ስለ ማድረቅ
(ለባለሱቆች፣ ለአስመጪዎችና ለላኪዎች የሚጠቅም አጭር ትምህርት)



ፍራፍሬና አትክልት ከሚሸጥ ነጋዴ ይበልጥ የጊዜን ዋጋ የሚያውቅ የለም። ጨርቅ ወይም ምስማር ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል፤ የበሰለ ማንጎና የቀላ ቲማቲም ግን ገዥን አይጠብቁም። ምርቱ ገበያውን ሲሞላው ዋጋው ይወድቃል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ያው ዕቃ ተፈልጎ አይገኝም። ከመደርደሪያ ተነሥቶ የሚጣለው ሁሉ፣ በመዝገብ ላይ ባይጻፍም፣ ትርፍን የሚበላ ወጪ ነው። ይህን ኪሣራ ከሚቀንሱት መንገዶች አንዱ ማድረቅ ስለ ሆነ፣ ስለ ቤት ውስጥ ማድረቂያ መሣሪያ አሠራርና ስለ ሒሳቡ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

1ኛ/ የማድረቅ ምክንያቱ

ማድረቅ ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። በርበሬ በሰሌን ላይ ሲሰጣ፣ ቋንጣ በገመድ ላይ ሲንጠለጠል፣ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ሲሆን ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሻጋታና ምግብ አበላሽ ተሐዋስያን በቂ ውኃ ካላገኙ ሊራቡ አይችሉም። ፀሐይ ዋጋ አትጠይቅም፤ ነገር ግን በክረምት ትጠፋለች፣ ከአቧራና ከዝንብም አትከላከልም፤ ቀን የደረቀውም ሌሊት በጤዛ ይረጥባል። እንዲህ እየረጠበ በዝግታ የሚደርቅ በርበሬ፣ አፍላቶክሲን ለሚባለው የሻጋታ መርዝ የተጋለጠ ነው። ይህም መርዝ በተራ ማብሰል ጨርሶ የሚጠፋ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ማድረቂያው ማሞቂያ፣ ማራገቢያ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያና እንደ ወንፊት የተበሱ ትሪዎች ያሉበት ሳጥን ነው። ሙቀቱ ውኃውን ከምግቡ ያወጣል፤ ነፋሱም እርጥበቱን ጠርጎ ይወስዳል። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሥራው አይሳካም።

2ኛ/ አሠራሩ

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ማድረቅ የተበላሸውን ዕቃ የማያድን መሆኑ ነው። መበስበስ የጀመረ ማንጎ ቢደርቅ የደረቀ ብስባሽ ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። ስለዚህ ባለሱቁ የሚያደርቀው በመጨረሻው ቀን የተረፈውን ሳይሆን፣ ገና ጤናማ ሳለ ከሽያጩ በላይ መሆኑን ያወቀውን ክፍል መሆን አለበት።

ዕቃው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር በሚሆን ውፍረት እኩል እኩል ይቆረጣል። እኩል ካልሆነ ቀጭኑ ሲደርቅ ወፍራሙ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። እንደ ሙዝና ፖም ያሉ የሚጠቁሩ ፍራፍሬዎች የሎሚ ጭማቂ በተጨመረበት ውኃ ጥቂት ደቂቃ ይነከራሉ። ካሮትና ፎሶልያ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ያህል በፈላ ውኃ ነከር ተደርገው ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ይበርዳሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለ ሆነ አንድ ደቂቃ መጨመር ይገባል። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይህን አይሹም።

ቁራጮቹ ሳይደራረቡ በትሪው ላይ ይደረደራሉ። ለፍራፍሬ 57 ዲግሪ፣ ለአትክልት ከ52 እስከ 57 ዲግሪ ሙቀት ይስማማል። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ጉዳት አለው፤ የላይኛው ገጽ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይሆንና የውስጡን ውኃ ያፍነዋል። ከላይ ደረቅ የመሰለውም ከቀናት በኋላ ከውስጥ ይሻግታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህም ይሠራል። ማንጎና ቲማቲም እንደ ውፍረታቸው ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ሽንኩርትን ከፍራፍሬ ጋር በአንድ ጊዜ ማድረቅ አይገባም፤ ሽታው ይዛመታልና።

3ኛ/ በዓይን ሳይሆን በሚዛን

የመድረቁ ዋና ምስክር ሚዛን ነው። ከተላጠ የማንጎ ሥጋ ውስጥ ከመቶው 83 ያህሉ ውኃ ነው። እንግዲህ 1 ኪሎ የተቆረጠ ማንጎ ያለው ደረቅ ነገር 170 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ከመቶው 15 እጅ ውኃ ቀርቶበት እንዲደርቅ ቢፈለግ፣ ሲወጣ 200 ግራም ያህል መመዘን አለበት። 300 ግራም ቢመዝን፣ እጅ ሲነካው ምንም ደረቅ ቢመስል ገና ነው። ቲማቲም ከመቶው 94 ያህል ውኃ ስላለበት፣ ከ1 ኪሎ ሲደርቅ የሚቀረው 67 ግራም ገደማ ነው። ቁጥሩ እንደ ዘሩና እንደ ብስለቱ ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል።

ዋጋ የሚቆረጠውም በዚሁ ሒሳብ ነው። 10 ኪሎ ሙሉ ማንጎ ተገዝቶ ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ 6 ኪሎ ተኩል ሥጋ ቢቀር፣ ሲደርቅ የሚገኘው 1 ኪሎ ከ300 ግራም ነው። እንግዲያው በአንድ ኪሎ የደረቀ ማንጎ ውስጥ የ7 ኪሎ ከ700 ግራም ማንጎ መግዣ አለ። በዚህ ላይ የሠራተኛ ድካም፣ ማሸጊያና መብራት ይታከላሉ። የ500 ዋት መሣሪያ 10 ሰዓት ሲሠራ ቢበዛ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የቤት መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ኪሎ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥሬ ዕቃው ርካሽ በሆነበት ሳምንት እንኳ መብራቱና ድካሙ ለትንሽ ዕቃ ይከፋፈላል። ይህን ሳያሰላ በግምት ዋጋ የሚቆርጥ ሰው፣ ብዙ በሸጠ ቁጥር ብዙ ሊከስር ይችላል። ስለዚህ የቤቱ መሣሪያ እንደ ፋብሪካ ሳይሆን፣ ትልቅ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በጥቂቱ እንደሚፈተንበት መለማመጃ መታየት ይኖርበታል።

4ኛ/ አቀማመጡ

የደረቀው ዕቃ ከበረደ በኋላ አፈ ሰፊ በሆነ የጠርሙስ ዕቃ ውስጥ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ተሞልቶ ይከደናል። ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ እየተነቀነቀ ይታያል። በጠርሙሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የውኃ ላበት ከታየ ወደ ማድረቂያው ይመለሳል፤ ሻጋታ ከታየበት ግን ይጣላል። ይህን ፈተና ያለፈው አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ፣ ቀን ተጽፎበት፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል።

5ኛ/ ለአስመጪዎችና ለላኪዎች

መሣሪያውን የሚያስመጣ ነጋዴ በቅድሚያ የኤሌክትሪኩን ኃይል ይመልከት። የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በቀጥታ ከመስመር ጋር ማገናኘት ያቃጥለዋል። ማራገቢያው ከኋላ የሆነው ነፋሱን በየትሪው አግድም ስለሚያሳልፍ እኩል ያደርቃል፤ ከታች ወይም ከላይ የሆነው ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ትሪዎቹን ግን በየጊዜው ማቀያየር ያስፈልጋል። ሙቀት መቆጣጠሪያውም በሌላ የሙቀት መለኪያ ሳይፈተን ለደንበኛ ባይሰጥ ይመረጣል።

ደረቅ ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ደግሞ የገዥውን አገር ሕግ ከናሙናው ጋር ይያዝ። የአውሮፓ ኅብረት በደረቅ በርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላው አፍላቶክሲን ደግሞ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ፍራፍሬው ቀለሙን እንዲጠብቅ ሰልፋይት ገብቶበት በኪሎ ከ10 ሚሊግራም በላይ ቢገኝበት፣ በማሸጊያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። በአገር ውስጥም ቢሆን የደረቀ ምግብ አሽጎ ለሕዝብ መሸጥ ከመጀመሩ በፊት፣ የምግብ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ስለ ፈቃዱ መጠየቅ ይገባል።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ነጋዴ በአንድ ዓይነት ፍራፍሬ፣ በ1 ኪሎ ይጀምር። ከመድረቁ በፊት የነበረውን ክብደት፣ የወጣውን ክብደት፣ የፈጀውን ሰዓትና ጠርሙሱ በ10ኛው ቀን ያሳየውን በደብተር ይጻፍ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተቀራራቢ ቁጥር ካገኘ በኋላ ስለ ዋጋና ስለ ማሸጊያ ቢነጋገር፣ ከገዥው ጋር የሚዋዋለው በሚያውቀው ነገር ላይ ይሆናል።